የማይጮህ ጅራፍ፦ አራት ቀን በካቶክቲን ተራራ

ሐሙስ፣ ግንቦት 28። ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሥራ ስገባ ባለቤቴ ሳሎን መሃል ቆማ ጠበቀችኝ። በአንድ እጇ የጫማ ካርቶን፣ በሌላው የዶሮ አንገት ይዛለች። ቆዳው ከነላባው የደረቀ ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ላባ ነው። ለዝንብ።"

"ስንት ገዛኸው?"

ዋጋውን ነገርኳት። 70 ዶላር። ዝም ብላ አየችኝና "ሥጋውስ?" አለች።

ሥጋ የለውም። ለላባቸው ብቻ ተብለው የሚረቡ አውራ ዶሮዎች እንዳሉ ላስረዳት ሞከርኩ። ጭራሽ ባሰባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ተርሞንት የምትባል ከተማ አጠገብ ጀማሪዎችን ፍላይ ፊሺንግ፣ ማለትም በላባ ዝንብ ዓሣ ማጥመድ፣ እናስተምራለን። ተማሪዎቹ 12 ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ዝንብ እንሰጣለን ተብሏል። 60ውን ዝንብ የማሰር ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነው። እስከ ትናንት ያሰርኩት 38 ብቻ ነው። አስተማሪዎቹ በሙሉ በጎ ፈቃደኞች ነን። የሚከፈለን የለም። ምሳ ይሰጡናል፣ እሱም ሳንድዊች ነው። እኔ ራሴ ከአራት ዓመት በፊት እዚያው ሣር ላይ ቆሜ ነው የተማርኩት። ሥራዬ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ስለሆነ፣ ዝም የሚል ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ለማያውቀው ላስረዳ። እኛ የምናውቀው ማጥመድ መንጠቆው ላይ ትል ይሰካል፣ ገመዱ ላይ እርሳስ ወይም ጠጠር ይታሰራል፣ ይወረወራል። ክብደቱ ገመዱን ጎትቶ ይሄዳል። በዚህኛው ግን መንጠቆው ላይ ያለው ክርና ላባ ብቻ ነው። "ዝንብ" የምንለው እሱን ነው። እፍ ቢሉት ይበራል። ስለዚህ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ወፈር ያለ፣ በፕላስቲክ የተለበጠ ገመድ ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት ባለ 5 ቁጥሩ ሲሆን፣ የፊተኛው 9 ሜትር ያህሉ 9 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያቺን 9 ግራም ወደኋላ አየር ላይ ዘርግቶ፣ ጠብቆ፣ ወደፊት መላክ ነው። "ጠብቆ" የምትለዋን ያዙልኝ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እሷ ላይ ነው።

ዛሬ ማታ የማስረው አዳምስ የሚባለውን ዝንብ ነው። በ1922 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሚሺጋን ውስጥ ሊዮናርድ ሃላዴይ የሚባል ሰው ነው የሠራው። ስሙ የወዳጁ የቻርልስ አዳምስ ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ዓይነት ላባ አብሮ ይጠመጠማል። አንዱ ቀይ ቡናማ ነው። ሌላውን እነሱ "ግሪዝሊ" ይሉታል። መጀመሪያ ሱቅ ውስጥ ሳየው ብቻዬን ሳቅሁ። ገብስማ ነው! እኛ ሰፈር ገብስማ አውራ ዶሮ አንጠልጥሎ ከገበያ የመጣ ሰው "ማን አዘዘልህ?" ተብሎ ይታማ ነበር። እዚህ በመስታወት ሣጥን ይሸጣል።

ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼ ደወሉ። ጋሼ የእድራችን ሰው ናቸው። 66 ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ከዩቲዩብ ፖለቲካ አልላቀቅ ስላሉ ልጃቸው ናት ያስመዘገበቻቸው። እሷም አብራ ትማራለች።

"ምን ይዤ ልምጣ?" አሉኝ።

"ኮፍያና መነጽር ይበቃል ጋሼ።"

"መረብስ?"

"ትንሽ መረብ እኛ ጋ አለ።"

"እንግዲህ እኔ ጎርጎራ ነው ያደግኩት" አሉ። "ጣና ስንወርድ የምንይዘው ጆንያ ነበር።"

ስልኩን ዘግቼ ወደ ዝንቤ ተመለስኩ። 51 ላይ ዓይኔ አቃተኝ።

ዐርብ፣ ግንቦት 29። ወደ ተርሞንት

ግማሽ ቀን ሠርቼ ወጣሁ። የ270 መንገድ ዐርብ ከሰዓት ምን እንደሚመስል የዲሲ አካባቢ ሰው ያውቀዋል። በአንድ ሰዓት የሚያልቀው መንገድ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ፍሬድሪክን አልፌ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ሰሜን ስታጠፍ ነው አየር የተነፈስኩት። ከዚያ በኋላ ተራራው ብቅ ይላል። ሰሜን ሸዋን ለለመደ ሰው ጉብታ ነው። ግን አረንጓዴ ነው፣ ይበቃኛል።

ተርሞንት ልትደርሱ ስትሉ ካቶክቲን ፈርነስ የሚባል የድሮ ብረት ማቅለጫ አለ። በ1776 ሥራ የጀመረ ነው። ለረጅም ጊዜ ብረቱን ያቀለጡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። በ1970ዎቹ ይህ የምነዳበት መንገድ ሲሠራ መቃብራቸው ወጣ። በ2023 ከ27 ሰዎች አጽም የተወሰደው የዘር ምርመራ ታተመ። ዛሬ በሕይወት ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የሥጋ ዘመዶች እንዳሏቸው ታወቀ። እዚያ ስደርስ ሁሌም ፍጥነቴ ይቀንሳል። ከኋላዬ ያለው ሰው ክላክስ ያደርጋል።

ዕቃዬን ሳላወርድ ቀጥታ ወደ ወንዙ ሄድኩ። ቢግ ሃንቲንግ ክሪክ ይባላል። "ቢግ" ማለታቸው ያስቀኛል። ብዙ ቦታ ላይ በሁለት ዝላይ የሚሻገሩት ነው። ከግድብ በታች ከዛፎቹ ሥር እየተጠማዘዘ በድንጋይ መሃል ይወርዳል። ደንቡ ጥብቅ ነው። በዝንብ ብቻ ነው የሚጠመደው፣ የተያዘው ዓሣም ይለቀቃል። ከ80 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ልጆችን ማጥመድ የሚያስተምር ማኅበርም ከዚሁ ወንዝ ጋር የተቆራኘ ነው። ስማቸውን ብንተረጉመው "የጫካ አውራ ዶሮ ወንድማማቾች" ይሆናል። ከዶሮ የሚያመልጥ ነገር የለም እዚህ።

ቴርሞሜትሬን ውሃው ውስጥ ነከርኩ። 16 ዲግሪ። ጥሩ ነው። ትራውት የሚባለው የዚህ ወንዝ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው። 20 ዲግሪ ካለፈ ኦክስጅኑ ያንሰዋል፤ ያን ጊዜ ይዞ መልቀቅ ማለት ገድሎ መልቀቅ ነው። እሑድ ጠዋት ተማሪዎቹን እዚህ ስለምናመጣቸው ውሃው እንዳይሞቅ መጸለይ ነው።

አንድ ድንጋይ ገለበጥኩ። ከሥሩ ሦስት ጭራ ያላቸው ጠፍጣፋ ትንንሽ ነፍሳት ተራወጡ። እነዚህ ናቸው አድገው ክንፍ የሚያወጡት። አዳምስ የሚመስለው እነሱን ነው። ድንጋዩን እንደነበረ መለስኩት። እነሱም ቤት አላቸው።

የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማረፊያ የሆነው ካምፕ ዴቪድ እዚህ ጫካ ውስጥ ነው። መንገዱ ላይ ምልክት የለውም። ዝም ብሎ የተከለከለ አጥር ነው። ጂሚ ካርተር ፕሬዚዳንት ሳሉ ፍላይ ፊሺንግ ነፍሳቸው ነበር። በ1978 የግብፁን ሳዳትንና የእስራኤሉን ቤጊንን 13 ቀን እዚህ ዘግተው ያስታረቁትም እሳቸው ናቸው። ዓሣ አጥማጅ ባይሆኑ 13 ቀን የሚጠብቁ አይመስለኝም። የግሌ አስተያየት ነው።

ማታ በጎ ፈቃደኞቹ ተሰበሰብን። ሰባት ነን። የምትመራን የ71 ዓመት ጡረተኛ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ቧንቧ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች። አንዱ ከኢራቅ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር ነበር። የማጥመጃ ዘንግ መጀመሪያ የያዘው የድሮው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ግቢ ሣር ላይ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ የሐበሻ ሰፈር አፍንጫ ሥር ማለት ነው። በ2005 እዚያ ፕሮጀክት ሂሊንግ ዎተርስ የሚባል ድርጅት ተጀምሮ ለቆሰሉ ወታደሮች ፍላይ ፊሺንግ ማስተማር ያዘ። እሱ ስለ ጦርነቱ አያወራም። ስለ ቋጠሮ ግን ከጀመረ አያቆምም።

መምህርቷ በየዓመቱ የምትደግመው አንድ ሕግ አለ። "ዘንጉን ከተማሪው እጅ አትውሰዱ።" ሲያቅተው አይታችሁ "እስቲ ላሳይህ" ብላችሁ ተቀብላችሁ ካሳያችሁት፣ ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ የኔ ጉድ ወጣ። ሊደሮቹን ቤት ረስቻለሁ። ሊደር ማለት ከወፍራሙ ገመድ ጫፍ የሚቀጠለው፣ እየቀጠነ የሚሄድ ናይለን ነው። ያለሱ ዝንብ አይታሰርም። ቧንቧ ሠራተኛው ምንም ሳይለኝ መኪናው ሄዶ ሦስት ጥቅል ናይለን አመጣ። እስከ እኩለ ሌሊት ከሦስት ውፍረት እየቆረጥን እየቀጠልን 15 ሊደር ሠራን። ዘጠኙን የቀሩ ዝንቦችም ከዚያ በኋላ አሰርኩ። የመጨረሻዎቹ አራቱ ዝንብ ሳይሆን ጉንዳን ነው የሚመስሉት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30። ሣሩ ላይ

ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም። ሜሪላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ ሰኔ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ያለ ፈቃድ ማጥመድ ይቻላል። ጀማሪ ሰው ሊወደው አይወደው ሳያውቅ ለፈቃድ ገንዘብ አያወጣም። የእሑዱን ግን ፈቃድ የገዛ ብቻ ነው የሚመጣው።

ቦታው የአንድ አባላችን እርሻ ነው። ፊት ለፊት የታጨደ ሣር፣ ከበታቹ ኩሬ። ጋሼ ቀድመው ደረሱ። ሱፍ ኮት ለብሰዋል። ኮፍያቸውም የወግ ነው። ልጃቸው ከኋላ ቴርሞስና ዳቦ ይዛ ትከተላለች። "ሠርግ መስሏቸው ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ሌሎቹ ባልና ሚስት አሉ፣ አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር አለ። ጡቷን ታማ ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴትም አለች። ክንዷ እንዲፍታታ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ብለዋት ነው የመጣችው። እውነትም ለዚህ ሲባል ከ1996 ጀምሮ ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ የሚባል ድርጅት የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ወንዝ ዳር እየወሰደ ያስተምራል። ለእሷ ነርሷ ተመደበች። ለእኔ ጋሼና ልጃቸው ደረሱኝ።

መጀመሪያ መንጠቆ የለም። ሊደሩ ጫፍ ላይ ደማቅ የሱፍ ክር እናስራለን። ዓይን እንዳይጠፋ። አያያዙን አሳየሁ። አውራ ጣት ከላይ፣ የእጅ አንጓ ሳይታጠፍ። ከዚያ ዝነኛው የሰዓት ትምህርት መጣ።

"ከጎን ሆነን ስናይዎት አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ እንደቆሙ ያስቡ" አልኳቸው። "ዘንጉ ከፊት 10 ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ከኋላ 2 ሰዓት ላይ።"

ጋሼ አሰቡ። "በኛ ነው በፈረንጅ?"

ይህን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በጭንቅላቴ አሰላሁት። በኛ 10 ሰዓት ማለት ቆጣሪው 4 ላይ ነው። በኛ 2 ሰዓት ደግሞ 8 ላይ። ሁለቱም ወደ መሬት ያዘቀዝቃሉ። ጋሼ በሐበሻ ሰዓት ቢወረውሩ ዘንጉ ከፊትም ከኋላም ሣር ይወጋል። የሚገርመው ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዞር ብዬ ባይ አሥራ አንዱም ተማሪ በሐበሻ ሰዓት እየወረወረ ነው።

"በፈረንጅ ነው ጋሼ።"

"እሺ።" ኮታቸውን አውልቀው ለልጃቸው ሰጡ። እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ዘንጉን አነሡ፣ ወደኋላ ወሰዱት፣ ከዚያ በሙሉ ኃይላቸው ወደፊት።

ጧ!

ሰው ሁሉ ዞረ። የሱፍ ክሩ የለም። ተበጥሶ የት እንደበረረ አይታወቅም። ትንሹ ልጅ አጨበጨበ።

"ሰማህ?" አሉኝ ጋሼ። ፊታቸው በርቷል። "ሃምሳ ዓመት ሆነኝ! እጄ አልረሳም!"

ቡሄ ነው። ነሐሴ ወር ሲገባ ከልጆች ጋር ሜዳ ወጥቶ ጅራፍ ማጮህ። እኔም አድርጌዋለሁ። እኔም መጀመሪያ ቀን እዚሁ ሣር ላይ እንዲሁ አጩኼ መምህርቷን አስደንግጫታለሁ። ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። ገመዱ ከኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ወደፊት ከተመነተፈ ጫፉ ይወረወራል፣ ይጮኻል፣ ዝንቡም ተቆርጦ ይቀራል። ሐበሻ ወንድ ይህን ከልጅነቱ ስለለመደ ግማሹን መንገድ ቀድሞ ሄዷል። የቀረው ግማሽ ግን የለመደውን መተው ነው። ከባዱም እሱ ነው።

"በጣም ጥሩ ነው ጋሼ። ግን መጮህ የለበትም።"

እንደ ስድብ ነው ያዩኝ። "ጅራፍ ካልጮኸ ምኑን ጅራፍ ሆነ?"

መልስ አጣሁ። እጄ ሄዶ ዘንጉን ከእጃቸው ተቀበለና አሳየሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ቀና ስል መምህርቷ ከሣሩ ማዶ በመነጽሯ በላይ እያየችኝ ነው። መለስኩላቸው።

ሁለተኛው ሙከራ መንጠቆ ባይኖርም ገመዱ የራሳቸውን አንገት ጠመጠመው። ኮፍያቸው ወደቀ። እየፈቱ በራሳቸው ሳቁ። "ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ማለት ይኼ ነው" አሉ።

መፍትሔው የመጣው ከልጃቸው ነው። እሷ ጅራፍ አይታ አታውቅም። እዚህ ነው የተወለደችው። ስለዚህ የምትተወው ነገር የላትም። በ20 ደቂቃ ገመዱን በለስላሳ ቀለበት እየላከች ነው። በአጠቃላይ ጉልበቱን የሚያምን ሰው ይቸገራል። ሴቶቹና ልጁ ቀድመው ያዙት።

"አባዬ፣ ወደኋላ ስትወስደው 'ቆይ' በል" አለችው። "ቆይ ብለህ ስትጨርስ ላከው።"

ጋሼ ሞከሩ። ወደኋላ፣ "ቆይ"፣ ወደፊት። ድምፅ የለም። ገመዱ ከፊታቸው ተንከባሎ ተዘረጋና ሣሩ ላይ ተኛ። ሁለታችንም ዝም አልን። እሳቸው ገመዱን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ድገሙት" አልኩ።

"ቆይ" አሉኝ። ይህኛው ቆይ ለኔ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሣሩ ሁሉ "ቆይ" ሆነ። ትንሹ ልጅ ሰማና ያዘው። አያቱም ያዘች። እስከ ምሳ 12 ሰው "ኮይ፣ ኮይ" ሲል ነበር። መምህርቷ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። "በእንግሊዝኛ 30 ዓመት ስፈልገው የነበረ ቃል ነው" አለች።

ምሳ ላይ ሳንድዊቹን ማንም አልነካውም ማለት ይቻላል። የጋሼ ዳቦና ቅመም ያለው ሻይ ነበራ።

ከሰዓት ቋጠሮ ተማርን። ናይለኑ መንጠቆው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ አምስት ጊዜ በራሱ ላይ ይጠመዘዛል፣ ጫፉ በቀለበቱ ይመለሳል። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይርሳል፤ በደረቁ ከተሳበ በሰበቃው ይሞቅና ይዳከማል። ወታደሩ ይህንን ሲያስተምር ለቅዳሴ የቆመ ነው የሚመስለው። የጋሼ ዓይን ቀዳዳውን አላይ አለ። መርፌ የምታስገባላቸው የልጅ ልጅ አስፈለገች። ትንሹ ልጅ መጥቶ አስገባላቸው።

ኩሬው ውስጥ ብሉጊል አለ። የመዳፍ ስፋት ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ደፋር ዓሣ። ከሩቁ ቆሮሶ ይመስላል። ለጀማሪ የተፈጠረ ነው፤ የወደቀለትን ሁሉ ይጎርሳል። ያንን ጉንዳን የመሰለ ዝንቤን ሁሉ ወዶታል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ 12ቱም ይዘዋል። ሴትየዋ በታመመው ክንዷ በኩል ሦስት ያዘች። የመጀመሪያውን ስትይዝ አልቅሳለች፣ ግን እሱን የነርሷ ጉዳይ አድርገን ዞር አልን።

ኩሬው የግል ነው፣ ብሉጊሉም በዝቷል። ባለቤቱ "የፈለገ ይውሰድ" አለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሰው ሆኑ። ስድስት ይዘው በፌስታል አሰሩ። ማታ እኛ ያደርንበት ቤት አጸዷቸው፣ በቢላ ጎናቸውን ሰነጣጠቁ፣ በጨውና በሚጥሚጣ አሹና ጠበሱ። ቧንቧ ሠራተኛው አጥንቱን ሳይቀር ጠረገው። ላቡ በግንባሩ እየወረደ "ይሄ ቅመም ምንድን ነው?" ይላል።

እሑድ፣ ሰኔ 1። ወንዙ

ጰራቅሊጦስ ነው። ሌሊት ስነቃ ወጥ ቤቱ ውስጥ መብራት አለ። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ስልካቸውን በስኳር ጣሳ አስደግፈው ቆመዋል። የደብራቸው ቅዳሴ በቀጥታ ይተላለፋል። ድምፁን ዝቅ አድርገውታል። መምህርቷ ቡናዋን ይዛ በሩ ጋ መጣችና ሳትገባ ተመለሰች።

ወንዙ የደረስነው ስምንት ተማሪ ይዘን ነው። አራቱ ፈቃድ አልገዙም። ውሃው 16 ተኩል። ከመግባታችን በፊት ጫማ ታየ። ሜሪላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ከሥሩ ጨርቅ መሰል ሱፍ ያለው የወንዝ ጫማ ክልክል ነው። ጨርቁ ሳይደርቅ ከወንዝ ወደ ወንዝ አልጌ ያዛምታል። አንዱ ተማሪ ከወንድሙ የተዋሰው ጫማ እንደዚያ ሆነ። ዳር ላይ ሆኖ አጠመደ።

ከሣር ወደ ወንዝ ሲመጡ ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ነው። ከኋላ ዛፍ አለ። ወደኋላ የሚዘረጋ ገመድ ሁሉ ቅርንጫፍ ላይ ያድራል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ ዝንብ ዛፍ ላይ ቆጠርኩ። የሐሙስ ማታ ዓይኔ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ወደኋላ ሳይዘረጋ ከውሃው ላይ ገመዱን አንሥቶ ወደፊት የሚያንከባልለውን አወራወር አሳየን። እሱም ቢሆን ሥራ አለው። ዝንቡ እንደ ወደቀ ቅጠል በውሃው ፍጥነት ነው መሄድ ያለበት። ገመዱ ከጎተተውና ከኋላው መስመር ካሰመረ ትራውቱ ዞር ብሎም አያየውም።

ጋሼ የጎማ ሱሪውን ለብሰው እስከ ጉልበት ገቡ። አልወረወሩም። ዝም ብለው ቆመው ውሃውን ያያሉ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

"ጋሼ፣ ደህና ነዎት?"

"ያ ድንጋይ ሥር አንድ አለ" አሉኝ። "ሦስት ጊዜ ወጣ።"

እኔ አላየሁትም። አራት ዓመት እዚህ ተመላልሼ አላየሁትም። ጎርጎራ ያደገ ዓይን ነው።

ወረወሩ። "ቆይ" ሲሉ ሰማኋቸው፣ ለራሳቸው። ዝንቡ ከድንጋዩ በላይ ወርዶ ተንሳፈፈ። ውሃው ትንሽ አበጠ። ጋሼ በደስታ በሙሉ ጉልበታቸው ሳቡት። ናይለኑ ጥጥ ይመስል ተበጠሰ።

"አመለጠ" አሉ። ከዚያ ሳቁ። "አምባዛ ቢሆን እሱ ነበር እኔን የሚጎትተኝ።"

የያዘችው ልጃቸው ናት። ከታች ባለው ትንሽ ገንዳ። የእጅ ስንዝር የምታህል ብሩክ ትራውት። ይኼኛው የአገሩ ነው። ቡናማው ትራውት ከጀርመን በ1880ዎቹ በእንቁላል የመጣ ነው። ባለ ቀስተ ደመናው ከካሊፎርኒያ። ብሩክ ግን ከጥንትም እዚህ ነበር። ጀርባው ላይ ትል የሄደበት የሚመስል መስመር አለ፣ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ክብ ያለው ቀይ ነጥብ፣ የክንፉ ጠርዝ ነጭ። እጇን ውሃ ውስጥ ነከረች፤ በደረቅ እጅ ከተያዘ ቆዳው ላይ ያለው ልባጭ ይላጣል። ጥርስ የሌለው መንጠቆ ስለሆነ ወዲያው ወጣ። ለአባቷ አሳየችው።

ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩት። "ልቀቂው" ስላት ተለቀቀ። ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ስጠብቀው ነበር።

"አይበላም፣ አይሸጥም" አሉ ጋሼ። "እንግዲህ ያሠቃየነው ለምንድን ነው?"

ወንዙ ትንሽ ነው፣ ሰው ብዙ ነው፣ ሁሉም ቢበላ በአንድ ወር ያልቃል አልኳቸው። ገባቸው። ግን አልበቃቸውም።

"ለሱ መፍትሔው አለመያዝ ነው። ትናንት የያዝነውን በላን፣ ተገቢ ነው። የዛሬው ጨዋታ ነው። በነፍስ ጨዋታ።"

ልጃቸው ልትመልስ ፈለገችና ተወችው። እኔም ተውኩት። ይህንን ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ዓሣውን የሚወድ ሰው ለወንዙ ይሟገታል የሚለውን አውቃለሁ። ትክክል ነው። ግን ዓሣው እጄ ላይ ሲንፈራገጥ የጋሼም ትክክል ነው።

ይህን ብለው ሲያበቁ ወደ ድንጋያቸው ተመለሱ። አዲስ ዝንብ እንዳስርላቸው እጃቸውን ዘረጉ። እስከ ስድስት ሰዓት ቆሙ። ውሃው 19 ሲደርስ መምህርቷ ፊሽካ ነፍታ ሁሉንም አስወጣች። ጋሼ የመጨረሻው ነበሩ። አንድም አልያዙም።

ወደ ቤት ስንመለስ የነሱ መኪና ከፊቴ ነበር። ፍሬድሪክ ሳንደርስ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ አንድ እርሻ ታጠፈ። ተከተልኩ። ጋሼ ወርደው ሽቦ አጥሩ ጋ ቆመዋል። ከውስጥ ዶሮዎች ይርመሰመሳሉ።

"ነገ ጾም ይገባል" አሉኝ። "ዛሬ ቅበላ ነው። ያቺን ቀይዋን አየኋት። ግን ያንን እይልኝ።"

ጥግ ላይ አንድ አውራ ዶሮ ቆሟል። ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረ። ገብስማ።

ገበሬው ለሁለቱ 35 ዶላር አለ። ጋሼ 30 ከፈሉ። "አንገቱ ያንተ፣ ሥጋው የኔ" አሉኝ።

የገበሬ ዶሮ ላባ አጭርና ለስላሳ ነው። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዝንብ አይወጣውም፤ ለሚሰምጠው ዓይነት ቢሆን ነው። አልነገርኳቸውም። ካርቶኑን እኔ መኪና ውስጥ ጫንነው፤ የነሱ ላይ በጎማ ሱሪው ቦታ ጠፍቶ ነበር። 270 ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መጮህ ጀመረ። ለባለቤቴ ደወልኩ።

"ላባ አገኘሁ" አልኳት። "ይኼኛው ሥጋ አለው።"